አጠገቤ ማን እንዳለ

ካርቱም፣ ሰሃፋ
እሑድ፣ የካቲት 24 ቀን 1994 ዓ.ም.
ሰማዩ ጥርት ብሏል። ነፋሱ ከሰሜን ነው፤ ጠዋት ጠዋት አሁንም ነጠላ ይደረባል። አጠገቤ የጎረቤት ድመት አለች።

ለተወደድሽው የአክስቴ ልጅ ሉጥፊያ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ቤትሽን ከነሰዉ፣ በረትሽን ከነጥጃው ይጠብቅልሽ። ሙሄዲን ወገቡን ተሻለው ወይ? የዓረፋ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው፤ ከዓረፋ ዘጠኝ ቀን በኋላ። ሾፌሩ ኢሳ ከገዳሪፍ ወዲህ መኪናው ተሰብሮበት አራት ቀን መንገድ ላይ እንዳደረ ነገረኝ። ወረቀቱ የሞተር ዘይት ይሸታል። ቢሆንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በዓሉን አሠሪዬ ስት ፋሪሃ ቤት፣ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ዋልኩ። እንግዳ ብዙ ነበር። ሁለት በግ አረዱ፤ ጉበቱን እኔ ጠበስኩ። ሽታው እስካሁን ከሻሼ አልወጣም።

ዘንድሮ ቆሎ አትላኪልኝ፤ ጥርሴን እያመመኝ ነው። በምትኩ በሶ ላኪልኝ። ካላስቸገርኩሽ ሁለት ጊዜ ንፊው፤ ሁለተኛውን በሻሽ ቢሆን ደግ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ የማውቃት አንዲት የአገራችን ሴት ምግብ አልወርድ ብሏታል። አኝካ ትውጠዋለች፤ ደረቷ መሐል ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። መጀመሪያ ዳቦ ነበር። ቀጥሎ ኪስራ፣ የእነሱ ስስ እንጀራ። አሁን ሩዝም እየቆመባት ነው። ውሃ ስታስከትልበት ውሃውም ይመለሳል። የሙሄዲን ጓደኛ፣ እናንተ ክሊኒክ ያለው ጤና ረዳት፣ ስለዚህ የሚያውቀው ካለ ጠይቂልኝ። እዚህ ሐኪሞቹ የሚያወሩት ስለ ሚንዛር ነው። ሚንዛር ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው፣ ጣት የሚያህል ጥቁር ጎማ ነው፤ በአፍ ገብቶ እስከ ጨጓራ ይወርዳል። በእሱ በኩል ብዙ ዓይነት ሕክምና ይሠራል አሉ። የቱ እንደሚሻል ግን ሴትዮዋ አታውቅም።

ረሺዳ ደህና ናት። ሥራ በዝቶባታል።

በዱዓሽ አስቢኝ።
እህትሽ ኒዕማ


ባቲ
መጋቢት 22 ቀን 1994 ዓ.ም.
እኔም ዛሬ እንዳንቺ ልጀምር። ሰማዩ ዳመና አዝሏል፣ አይጥልም። አጠገቤ ሙሄዲን አለ፤ ያንኮራፋል።

ለእታለሜ ኒዕማ፣

ወአለይኩም ሰላም። እኛ በአላህ ቸርነት አለን። ላሚቱ ወልዳለች፣ ወይፈን ነው። የሙሄዲን ወገብ የሚያመው እንጨት ፍለጥ ሲሉት ብቻ ነው፤ ሠርግ ቤት ሲጠራ ድኖ ይነሳል።

እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ነው ፊደል የቆጠርኩት። አንቺ ግን ሹሮ ከተጠቀለለበት የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ላይ ተማርሽና ይኸው ሃያ ዓመት «የተገኙ ሰዎች» ሳትይ ደብዳቤ አትጀምሪም። አልጠላሁትም። ዓይኔን ጨፍኜ ክፍልሽ የገባሁ ይመስለኛል። ግን ምነው ድመት ስትቆጥሪ ልጄን ዘለልሻት? እስከ ረመዳን ድረስ «አጠገቤ ረሺዳ ልብስ ትተኩሳለች»፣ «አጠገቤ ረሺዳ ተኝታለች» ትይ ነበር። የኔ ልጅ ከድመት አንሳ ነው? ንገሪያትና ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። አባቷ ባይጠይቅም ጆሮው እዚያ ነው። «ይቺ ልጅ ዝም አለች» ብሎ አንድ ቀን ጀምሮ ተወው። ታውቂዋለሽ፣ የጀመረውን ሲተው ነው የሚያስፈራው።

የጠየቅሽኝን ጤና ረዳቱን ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ለምን እንደጠበበ ይታወቅ» አለኝ። «ዕጢም ሊሆን ይችላል። ጨጓራ አሲዱን ወደ ላይ እየረጨ ያጠበበውም ይሆናል። የሚያቃጥል ነገር ጠጥታም ይሆናል። ሕክምናው በምክንያቱ ይለያያል፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይጎዳል።» ከዚያ «ሴትዮዋ ምን ጠጥታ ነው?» ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ። አንቺ ታውቂያለሽ?

በሶው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ በኢሳ እጅ መጥቶልሻል። ሁለት ጊዜ ነፍቼዋለሁ፤ ሁለተኛውን በሙሽርነት ሻሼ። ጥርስሽን ተነቀይውና ይውጣልሽ።

ሉጥፊያ


ካርቱም
ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1994 ዓ.ም.
ሙቀቱ ከባድ ነው፤ የብረት ወንበሩ በልብስ ላይ ያቃጥላል። ያለሁት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። አጠገቤ በየነ የሚባል መካኒክና አንዲት የኦምዱርማን ሐጃ አሉ። ሴትዮዋን ይዤ መጥቼ ነው።

ለተወደድሽው ሉጥፊያ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ወይፈኑን አላህ ያሳድግልሽ። በሶው ደርሶኛል። እንደ ዱቄት ሳይሆን እንደ ጭስ ነው፤ እጅሽ ይባረክ። መልስ ያዘገየሁት ሥራ ስለበዛ ነው።

ሴትዮዋ ጤና ረዳቱ ያለውን ስትሰማ ምክንያቷን ለሐኪሙ ተናገረች። ዕጢ አይደለም። ተቃጥሎ የዳነ ጠባሳ ነው። ምን እንዳቃጠለው እኔ አልጠየቅኋትም።

እዚህ ተራ ስንጠብቅ ሁሉም ስለ ጉሮሮው ነው የሚያወራው፤ እኔም እየጠየቅሁ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። በየነ ጎንደሬ ነው፤ እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። እሱን ያጠበበው የራሱ ጨጓራ ነው። ለእሱ የሚያስገቡለት ፊኛ ነው።

«የልጆች ፊኛ?» አልኩት።

«የልጆች ብትሆንማ ሆዴ ውስጥ ትፈነዳ ነበር» አለኝ። «ታጥፋ በሚንዛሩ ውስጥ ትገባለች። ጠባቡ ቦታ ላይ ስትደርስ ውሃ ይሞሏታል፤ ዙሪያውን ወደ ጎን ትገፋለች። አንድ ደቂቃ ያህል ይይዟትና ውሃውን መልሰው ይስቡታል። ባለፈው ከተሠራልኝ ስድስት ወር በልቼበታለሁ። ሥጋ ግን እንደ አተር ነው የምቆርጠው። ሚስቴ ‹እንደ ሙሽራ እየቆነጠርክ ነው እኮ የምትበላው› ትለኛለች።»

ሐጃዋ ዕጢ ነው ያለባቸው። ለእሳቸው ያስገቡላቸው ከቀጭን ሽቦ የተሠራ፣ እንደ ወንፊት ያለ ቱቦ ነው። ተጨምድዶ ይገባና ውስጥ ሲደርስ ራሱን ይከፍታል፤ እዚያው ይቀራል። «በማግስቱ ፉል በላሁ» አሉኝ በዓረብኛ። «ዕድሜ አይጨምርልኝም፤ ልጆቼ ተደብቀው ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። እስካለሁ ግን እበላለሁ።» ይህን ሲሉ ፊታቸው አልከፋም። ከቦርሳቸው ተምር አውጥተው ሰጡኝ። ተቀብዬ በቦርሳዬ ያዝኩት።

ሴትዮዋ የሽቦውን ቱቦ ተመኝታ ነበር፤ አንድ ጊዜ ገብቶ የሚያበቃ ስለመሰላት። ዶክተር ሂሻም ግን እምቢ አለ። ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «ያ ላንቺ አይደለም» አለ። «እንዳንቺ ያለ ጠባሳ ላይ ሽቦው መሐል ሥጋ ይበቅልበታል፤ በኋላ ላውጣው ብል አይወጣም። አንቺ ገና ብዙ ዓመት ትበያለሽ። ላንቺ የሚሆነው ማስፋት ነው። ማስፋት ደግሞ በፊኛም በዘንግም ይቻላል። ዘንጉ ለስላሳ ነው፤ ከቀጭን ጀምሮ እየወፈረ ይሄዳል። በሚንዛሩ ቀጭን ሽቦ አስቀድሜ አሳልፋለሁ፤ ዘንጉ በሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ፊኛ የሚገፋው ወደ ጎን ብቻ ነው፤ ዘንግ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይገፋል። የትኛው ይበልጣል ብትይኝ በጥናት አንዱ ሌላውን አላሸነፈም። ያንቺ ጠባሳ ረጅምና ደረቅ ስለሆነ እኔ ዘንጉን እመርጣለሁ፤ ሲጠነክር እጄ ላይ ይሰማኛል። በአንድ ቀን ከሦስት ውፍረት አላልፍም። የቸኮለ ሐኪም ይቀድዳል።»

አንድ ጊዜም አይበቃም አለ። በየሁለት ሳምንቱ፣ ምናልባት ስምንት፣ ምናልባት አሥር ጊዜ። አልሰፋ ካለ ጠባሳው ላይ መርፌ ይወጋና እንደገና ይሞከራል። ከመቶ ሰው ጥቂቱን ይቀድደዋል፤ ለተቃጠለ ጉሮሮ ደግሞ አደጋው ከሌላው ይበዛል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ሆስፒታል ማደር አለ። ካልተሠራ መጥበቡ አይቆምም። ውሃም እምቢ ያለ ቀን ሆድ ተበስቶ በቱቦ ነው የሚበላው።

ሴትዮዋ እሺ ብላ ነበር። የጎደላት ሙራፊቅ ነው። ሙራፊቅ የሚሉት ፈርሞ የሚያስገባና አጠገብ የሚያድር ዘመድ ነው፤ ያለዚያ አልጋ አይሰጥም። ለሴቶች ክፍል ሴት መሆን አለባት። የምናውቃቸው የአገራችን ሴቶች ሁሉ አሠሪ ቤት አዳሪ ናቸው፤ የሚወጡት ዓርብ ነው። ሚንዛር የሚሠራው እሑድና ማክሰኞ ነው። ስት ፋሪሃ «መኪናውን ከነሾፌሩ እሰጣለሁ» አለች፤ ለመፈረም ግን ባሏ አልፈቀደም። ቀጠሮው ደርሶ አለፈ።

ረሺዳ ሰላም ብላሻለች። ምንም አትላኪልኝ፤ ሁሉም አለኝ።

ኒዕማ


ባቲ
ሚያዝያ 30 ቀን 1994 ዓ.ም.

ኒዕማ፣

ሰላምታውን በልቤ አድርሼልሻለሁ፤ እጄ ግን ወደ ነገሩ ቸኮለ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ቆሜ፣ ሁለተኛውን ተቀምጬ፣ ሦስተኛውን በሩን ዘግቼ። አንዲት ሴት ሙራፊቅ አጣች ትይኛለሽ። ሴት መሆን አለባት፣ አሠሪ ቤት የማታድር መሆን አለባት። አንቺ ሴት ነሽ። የራስሽ ክፍል አለሽ። ኮሪደሩ ላይ ይዘሻት ቁጭ ብለሻል፣ ሐኪሙ የተናገረውን ቃል በቃል ትጽፊያለሽ። ታዲያ ለምን አንቺ አትፈርሚላትም? አንቺ እኮ የማታውቂውን ሬሳ አጥበሽ የምትቀብሪ ሰው ነሽ።

ሰው ለራሱ ሙራፊቅ መሆን ስለማይችል ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ። ደብዳቤዎችሽን ከሣጥን አውጥቼ ደረደርኳቸው። አምና ቆሎ፣ ካቻምና ቋንጣ። ዘንድሮ በሶ፣ እሱም ሁለት ጊዜ በሻሽ የተነፋ። ለጥርስ ሕመም ማን በሻሽ ያስነፋል? አሁን ደግሞ ምንም አትላኪ። እኔ ሞኝ፣ ጥርስሽን ተነቀይው ብዬ ቀለድኩብሽ።

የተገኙትንም አየሁ። ከረመዳን በኋላ ረሺዳ አንድም ቀን አጠገብሽ የለችም። አንቺ እየተራብሽ ልጄ የት ናት? ሞታ ከሆነ ንገሪኝ። አግብታም ከሆነ፣ ታስራም ከሆነ ንገሪኝ። አንቺ የምትሸፍኚው ሌላ ሰው ሲያጠፋ ነው፤ ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበርሽ። ገንቦውን እኔ ሰብሬ አንቺ ተገርፈሻል። አሁን ግን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የራሴን አለንጋ ለራሴ ተይልኝ።

ደብዳቤውን ይዞ የመጣው ኢሳ «ኒዕማ ከስታለች ወይ?» ስለው መሬት መሬት አየ።

ጻፊልኝ።
ሉጥፊያ


ካርቱም፣ ሰሃፋ
ሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን 1994 ዓ.ም.
ከሰዓት በኋላ ሃቡብ መጣ፤ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ነው፣ ቀኑን አጨለመው። በሩን በጨርቅ ወትፌ ነው የምጽፈው። አጠገቤ ማንም የለም። ድመቷም ወልዳ ሌላ ቤት ገብታለች።

ሉጥፊያ እህቴ፣

ረሺዳ በሕይወት አለች። መጀመሪያ ይህን ልጻፍልሽ።

ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

የግቢያችን የእጥበት ውሃ መውረጃ ተዘግቶ ነበር። በረመዳን ሃያኛው ቀን ገደማ ረሺዳ ከኦምዱርማን ገበያ የቱቦ መክፈቻ ሶዳ ገዝታ መጣች። እዚህ እንደ ጨው በቁና ነው የሚሸጠው። ሁላችንም እንደምናደርገው በባዶ የውሃ ጠርሙስ በጠበጠችው። ሶዳው ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ላስቲኩ በእጇ ላይ ሊቀልጥ ደረሰ። እኛ ደግሞ ማቀዝቀዣ የለንም። የመጠጥ ውሃችንን በጠርሙስ ሞልተን መስኮቱ ሥር እናስቀምጥና እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን፤ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። እሷም ያንን ጠርሙስ እንዲበርድ ብላ ከጆንያው ሥር አስገባችው። በልቧ ከማፍጠሬ በፊት ልታወጣው ነበር። ከዚያ ተምር ልትገዛ ወጣች። ሱቁ ጋ ሰልፍ ነበር።

አዛኑ ሲሰማ መብራት የለም። ቢስሚላህ ብዬ በእጄ የገባውን ጠርሙስ አነሳሁ። አንድ ጉንጭ ነው። ሁለተኛውን አልጠጣሁም።

ስትመለስ መሬት ላይ አገኘችኝ። ተምሩ ከእጇ ወደቀ። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ሁለት ቀን አጠገቤ ነበረች። ሦስተኛው ቀን ላይ መናገር ስላልቻልኩ በምልክት ውሃ ጠየቅኋት። ጠርሙሱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችውና ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ኦምዱርማን አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤት አዳሪ ሆና እንደገባች ሰማሁ። ሱቁ ገበያው ውስጥ፣ ከሰዓት ጠጋኞቹ ፊት ለፊት ነው።

በመጋቢት አንድ ቀን ሃፍላ፣ የእነሱን አውቶቡስ፣ ተሳፍሬ ሄጄ አየኋት። የአሠሪዋን ዘንቢል ይዛ ቆማለች። ከስታለች፤ እኔ ነኝ ወይስ እሷ ያልበላችው ትያለሽ። አየችኝና ዞረች። አልጠራኋትም። ያን ጊዜ ድምጼ ገና አልተመለሰም ነበር፤ ደግሞስ ብጠራት ምን እላታለሁ? ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አጥፍተሻል ማለት ነው።

ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው። ሙሄዲን ቢሰማ ይረግማታል። ዘመድ ቢሰማ «አክስቷን ያቃጠለች» የሚል ስም ይወጣላታል፤ ያ ስም እስከ ልጅ ልጅ አይለቅም። የኔ ጉሮሮ ይሰፋል፤ የእሷ ስም ግን በሚንዛር አይሰፋም።

ሰው እንደሌለው ሆኖ መታመም ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ረሃቡ አይደለም። ሲያንቀኝ ጀርባዬን የሚመታ የለም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ራሴን እጠብቃለሁ። ምሳ ሰዓት ስት ፋሪሃ ቤት ሰባት ሰው እመግብና ወጥ ቤት ገብቼ ወተቴን በማንኪያ እጠጣለሁ፤ አንድ ብርጭቆ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። አሁን የሚወርደው ወተትና የበሶሽ ውሃ ብቻ ነው። በቀሚሴ ውስጥ ሁለት ሰው ይገባል።

ዶክተር ሂሻም ሌላ ቀጠሮ ሰጥቶኛል፤ እሑድ ሰኔ 16። «ከዚህ ካለፈ ሽቦውም የሚያልፍበት ቀዳዳ አላገኝ ይሆናል» አለኝ። ሰው እየፈለግሁ ነው።

ልጅቷን አትቆጪያት። ለሙሄዲን አትንገሪው።

ኒዕማ


ባቲ፣ ገበያ ውስጥ
ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.
ፀሐይ ነው። አጠገቤ ግማሽ የባቲ ሰው አለ፤ የማወራው ግን ካንቺ ጋር ነው።

እታለሜ፣

ደብዳቤሽን ኢሳ አሁን የሽንኩርት ጆንያዬ ላይ አስቀመጠልኝ። አነበብኩት። አንዲት ደንበኛ «ሽንኩርቱ ነው የሚያስለቅስሽ?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኳት።

ኢሳ ነገ ስለሚመለስ አሳጥራለሁ። ለሙሄዲን አልነገርኩትም። የምነግረው ቀን የኔ ነው፣ ተይልኝ። ለረሺዳ ለብቻዋ ጽፌያለሁ። ኢሳ ሰዓት ጠጋኞቹ ጋ ቆሞ፣ በገዛ እጁ፣ ለእሷ ብቻ ሊሰጥ በቁርዓን ምሎልኛል። አልተቆጣኋትም። ምን እንዳልኳት ከፈለገች ትንገርሽ።

ካልመጣችም አትዘኚባት፤ እኔ አዝንባታለሁ። ካልመጣች ግን እኔ እመጣለሁ። መንገዱን አላውቀውም፤ በጠየቁ ይደረሳል። ሰኔ 16 አልደርስብሽም እንጂ።

በሶ ልኬአለሁ። ሦስት ጊዜ ነው የነፋሁት።

ሉጥፊያ


ካርቱም፣ ሰሃፋ
ሰኞ፣ ሰኔ 17 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ከቀትር በኋላ
ትናንት አቧራ ነበር፤ ዛሬ በደቡብ በኩል ጥቁር ዳመና ይታያል፣ ገና አልዘነበም። አጠገቤ ረሺዳ አለች።

ሉጥፊያዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ለአንቺና ለቤትሽ ሁሉ። ሙሄዲንን፣ ላሚቱን፣ ወይፈኑንም ሳይቀር ሰላም በይልኝ። ጽሕፈቱን አትታዘቢው፤ የሚያስተኛው መርፌ ከደሜ ገና አልወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ልሄድ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ያለ ሙራፊቅ እምቢ ቢሉኝ በሩ ላይ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር የቆረጥኩት። በሩ ተንኳኳ። ረሺዳ ዘንቢል ይዛ ቆማለች።

«አክስቴ» አለች።

«ግቢ፤ አቧራው እየገባ ነው» አልኳት።

ገባች። አልተቀመጠችም። መስኮቱን አየች። ጆንያው ከረመዳን ጀምሮ እዚያው ደርቆ ተሰቅሏል፤ አውርጄው አላውቅም።

«እናቴ ጻፈችልኝ» አለች።

«ምን አለችሽ?»

«‹ይቅርታ ለመጠየቅ ከሆነ የምትሄጂው ቅሪ። ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ ውሃ ስትጠጣ ብርጭቆውን ያዥላት። ሌላው ቁጭ ባለ ሰው ላይ ራሱ ይመጣል› አለችኝ።» ቀጥላ «አሠሪዬ ‹ከሄድሽ አትመለሺ› ብላኛለች» አለች።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይኸው ዘንቢሌ።»

ትናንት ጠዋት ሆስፒታል ስንደርስ መዝጋቢው ቀና ብሎ ሳያያት «ምኗ ነሽ?» አላት። እኔ «የአክስቴ ልጅ ልጅ» ልል አፌን ስከፍት «ልጇ» ብላ ፈረመች። አትቀየሚኝ ሉጥፊያ። አላረምኳትም።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጉሮሮዬ ላይ የሚያደነዝዝ መራራ ነገር ረጩ፣ በክንዴ መርፌ ሰጡኝ፣ በጎኔ አስተኙኝ። ከዚያ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ነው። ዶክተር ሂሻም «ሽቦው አለፈ» ሲል ሰምቻለሁ። ስነቃ «ሦስት ዘንግ አስቤ ነበር፤ ሁለቱ ወረዱ፣ ሦስተኛው ሲጠነክር እጄን መለስኩ» አለኝ። «በዘንግ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ለሚቀጥለው ይደርሳል፤ ሰኔ 30።» እኔም ስቆጥረው ገና ሰባት ወይ ዘጠኝ ጊዜ ይቀረኛል። እንደገና ሊጠብም ይችላል፤ አልዋሸኝም። ደረቴ መሐል እንደተቦጨቀ ነገር ያመኝ ነበር። ቀዳዳ እንዳይኖር ብለው ትኩሳቴን እየመጡ ለኩ። ረሺዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጇን በአልጋው ብረት ላይ አድርጋ አደረች። ትኩሳት አልመጣም።

አሁን የዛሬውን ጠዋት እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ለሱብሒ ተነሳሁ፤ ተቀምጬ ሰገድኩ። አንድ ሰዓት ላይ ነርሷ መጥታ «ውሃ ትሞክር» አለች። ረሺዳ ከዘንቢሏ የታሸገ ጠርሙስ አወጣች። ማኅተሙን እኔ እያየሁ ሰበረች። አሸተተችው። ከዚያ ራሷ አንድ ጉንጭ ጠጣችና ጠርሙሱን በጉልበቷ ላይ ይዛ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አውቄያለሁ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እየቆጠረች እንደነበር አየሁ። ከዚያ በክዳኑ ቀድታ አፌ ላይ ያዘችልኝ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ደረቴ ጋ ትንሽ አሰበና ወረደ።

በሁለት ሰዓት በሶሽን በውሃና በስኳር አቅጥና በጠበጠችው። አሥራ አራት ማንኪያ ቆጠርኩ። ሳይመለስ በተከታታይ አሥራ አራት ማንኪያ ለመጨረሻ ጊዜ የዋጥኩት ከረመዳን በፊት ነው። ማንኪያውን ራሴ አጠብኩት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተሩ ደረቴን አዳመጠ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ እንክብል ጻፈልኝ፣ «ለሁለት ቀን ለስላሳ ብቻ» ብሎ አሰናበተኝ። ኮሪደሩ ላይ በየነ ነበር። «ዘንግ ነው ፊኛ?» አለኝ። «ዘንግ» አልኩት። «እኔ በፊኛዬ እጸናለሁ» አለ። ሐጃዋን ጠየቅሁት። «ነፍስ ይማር» አለኝ። ተምራቸው አሁንም በቦርሳዬ ነው።

በስት ፋሪሃ መኪና ሳይሆን በሃፍላ ተመለስን፤ ረሺዳ የመስኮቱን ወንበር ለእኔ ያዘችልኝ። ቤት ስንደርስ ነጠላዬን አንጥፋ አስተኛችኝ። ከዚያ የደረቀውን ጆንያ አወረደች፣ አራገፈችው፣ ውሃ ነክራ ጨመቀችውና መስኮቱ ሥር ዘረጋችው። ሥሩ አንድ ጠርሙስ ውሃ አስቀመጠች። ያቺን የታሸገችውን አይደለም፤ ከበርሜላችን የቀዳችውን።

ስድስት ሰዓት ላይ ተነስቼ ጠርሙሱን አወጣሁት። በርዶ ነበር። ቀድማ ልትቀምስልኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁ።